የእትዬ ዘርፌ አውራ ጣት

ሰኞ ጠዋት አስኮ ፌርማታው ላይ ታክሲ ስጠብቅ ነው ስልኬ የጮኸው። ጥሩነሽ ነበረች፣ የእትዬ ዘርፌ የግድግዳ ጎረቤት። ገና «ሃሎ» ሳልል ማልቀስ ጀመረች።

«አልማዝ፣ በቃ አትቸኩይ» አለችኝ። «እትዬ ሌሊት አርፈዋል።»

አትቸኩይ! ይህቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ለምን እንደምቸኩል ታውቅ ነበራ። ያን ቀን እትዬ ዘርፌን ኮንትራት ታክሲ ይዤ፣ ደግፌ አስገብቼ፣ አውራ ጣታቸውን እዚያች ትንሽ የአሻራ ማሽን ላይ አስነክቼ ልመልሳቸው ቃል ገብቼ ነበር። ሴትዮዋ ለመሞት አንድ ሌሊት ሲቀራቸው የሚያስቡት ስለ ጽዳት ድርጅት ንግድ ፈቃድ ነው። ሰው ይስቅ ይሆናል። እኔ ግን ፌርማታው ድንጋይ ላይ ዘፍ ብዬ፣ የታክሲ ተሰላፊው ሁሉ እያየኝ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

እትዬ ዘርፌን ያወቅኋቸው ዓለም ባንክ አካባቢ ባለ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። ስድስት ሴቶች ነበርን፣ ሁላችንም በኤጀንሲ የተቀጠርን የጽዳት ሠራተኞች። እሳቸው ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ከጎጃም በልጅነታቸው መጥተው አዲስ አበባን ሲጠርጉ የኖሩ ሴት ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ሳንሱሲ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነበር የሚኖሩት።

የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። የሁለተኛውን ፎቅ ኮሪደር ወልውዬ ወልውዬ፣ ፊት እንዲያሳይ አድርጌ፣ ምስጋና እጠብቃለሁ። እሳቸው መጡና መሃሉን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። በቀጥታ ወደ በሩ ጀርባ ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ አውራ ጣታቸውን ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ላይ ሰደድ አደረጉት። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ብርሃን አነሱት። ጥቁር።

«መሃሉን ማንም ይጠርገዋል» አሉኝ። «ጥጉን አሳዪኝ።»

ይህቺ ነገር አመላቸው ነበረች። ሻይ ቤት ብንገባ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ባንክ ቤት ብንሄድ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ያ አውራ ጣት ሳያስቡት ይሄዳል። አንዴማ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ጣታቸውን ቁምሳጥኑ ላይ ሰደድ ሲያደርጉት አይቼ በክርኔ ጎሸም አደረግኋቸው። «ምን ላድርግ፣ እሱ ራሱ ነው የሚሄደው!» ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ከሁሉ ከሁሉ የሚያናድዳቸው ግን መግቢያው ላይ ያለው የመስታወት በር ነበር። እጀታ አለው፤ ሰዉ ግን በመዳፉ ነው የሚገፋው። እትዬ ዘርፌ በቀን አሥር ጊዜ ይወለውሉታል፣ ወዲያው ደግሞ አምስት ጣት ተለጥፎ ያገኙታል። «ይሄ ደግሞ የማን ነው? እስቲ ይኼን አውራ ጣት እዩት፣ ቅባት በልቶ የመጣ ነው!» ይላሉ። «የሰው አሻራ ስጠርግ አረጀሁ እኮ፣ አልሚዬ!» እኛ እንስቃለን። ያኔ ሳቅ ነበር።

በዚያ ሕንፃ ውስጥ አንቱ የምላቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዘበኛውም፣ ልጅ የሚሆኗቸው ጸሐፊዎችም፣ አስተዳዳሪውም «ዘርፌ ነይ፣ ዘርፌ እዚህ ጋ ፈሰሰ» ነው የሚሏቸው። እኔን ግን እናቴ እንዲያ አድርጋ አላሳደገችኝም። «ተይ አንቱ አትበይኝ፣ ባልዲ ይዞ አንቱ የተባለ ማን አለ?» ይሉኛል፤ ደስ እንደሚላቸው ግን ፊታቸው ያሳብቅባቸዋል።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ፤ ይህንን ካልተናገርኩ የቀረው አይገባም። ኤጀንሲው ጓንት የሚሰጠን ከስንት ጊዜ አንዴ ነው፣ እሱም ሳምንት ሳይሞላው ይቀደዳል። እትዬ ዘርፌ የእሳቸውን ጓንት ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። «አንቺ ገና ሕፃን የምታቅፊ ነሽ፣ ቆዳሽ አይሻከር» ይሉኛል። እሳቸው በረኪናውን በባዶ እጃቸው ይነክሩታል፣ ሽንት ቤቱንም ባኞውንም በባዶ እጃቸው ይፈትጉታል። እኔም እቀበላለሁ። ተውኝ አላልኩም፣ አይሆንም አላልኩም፤ ጓንቱን አጠልቄ ወደ ሥራዬ።

ግንቦት ላይ ኤጀንሲው ውሉን እንደማያድስ ተነገረን። ስድስታችንም ደረቅን። የአንዷ ባል አልጋ ላይ ነው፣ አንዷ ብቻዋን ሦስት ልጅ ታሳድጋለች፣ እኔም የራሴ አለኝ፤ የማናችንም ጓዳ አንድ ወር ሥራ ፈትቶ የሚችል አልነበረም። እትዬ ዘርፌ ማንንም ሳያማክሩ፣ ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ፣ የሕንፃው አስተዳዳሪ አቶ መኩሪያ ቢሮ ገቡ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ እሰማለሁ።

«ሥራሽን አውቀዋለሁ፣ ዘርፌ» አሉ አቶ መኩሪያ፣ ፈገግታ የማያውቁ ሰው ናቸው። «ግን ያለ ደረሰኝ ለማንም መክፈል አልችልም። እስከ ሰኔ መጨረሻ በስምሽ ፈቃድ ይዘሽ ነይ፣ ሕንፃው ያንቺ ነው። ካልሆነ ሌላ ድርጅት የራሱን ሠራተኞች ይዞ ይገባል። ቁርጡን ነው የምነግርሽ።»

እትዬ ዘርፌ እንደወጡ ደረጃው ሥር ያለችው የዕቃ ክፍል ውስጥ ሰበሰቡን። «ማንም አይባረርም» አሉ። «ፈቃድ አወጣለሁ።»

ወይ ፈቃድ! እኛ ወረቀት አንድ መስሎን። የሚቀጥለው ሳምንት እኔና እሳቸው በየተራ ከሥራ እያስፈቀድን ከመስኮት መስኮት ዞርን። ለአድራሻ የሚሆን ክፍል ያስፈልጋል ተባለ፤ ጥሩነሽ የፊት ክፍሏን በውል ሰጠችን። የንግድ ስም አምጡ ተባለ። «ንጹሕ» አልን፣ ተይዟል። «ብሩህ» አልን፣ ተይዟል። «ጽዱ»ም ተይዟል። አዲስ አበባ ንጹሕና ብሩህ የሆነ ድርጅት ሞልቷታል፣ ጭቃው ከየት እንደሚመጣ እንጃ! በመጨረሻ እትዬ ዘርፌ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ጥግ ለጥግ በለው» አሉት። ልጁ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና ሳቀ። «ይኼን ማንም አልወሰደውም፣ እማማ።» እትዬ ዘርፌ ያን ቀን ከቢሮው እስከ ፌርማታው ድረስ «ጥግ ለጥግ የጽዳት አገልግሎት» እያሉ ነው የሄዱት፣ አንዴ ቀስ ብለው፣ አንዴ ጮክ ብለው።

ቀጥሎ የግብር ከፋይ ቁጥር ነው፣ ቲን ነምበር የሚሉት። እሱ ከሌለ ምዝገባ የለም፣ ምዝገባ ከሌለ ፈቃድ የለም። ለቲን ነምበሩ ደግሞ የአሥር ጣት አሻራ ይሰጣል። እትዬ ዘርፌን ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንም አሻራ በማሽን ጠይቋቸው አያውቅም።

አሻራ የምትቀበለው ልጅ ደግ ነበረች፣ እግዜር ይስጣት። «እማማ፣ ጫን ያድርጉት» አለች። ጫኑ። ማሽኑ ቀይ አበራ። «ሌላኛውን ይሞክሩ።» ቀይ። እጃቸውን በሶፍት ጠረገችላቸው፣ ደግማ ሞከረች፣ አሥሩንም አንድ በአንድ። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ።

«እማማ፣ አይነበብም» አለች።

«ኧረ ማንበብስ እችላለሁ!» አሉ እትዬ ዘርፌ ደንገጥ ብለው። «እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ።»

«እርስዎን አይደለም፣ ጣትዎን ነው። መስመሩ ጠፍቷል። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ጽዳት።»

ልጅቷ ጣታቸውን ገልበጥ አድርጋ አየችው። እኔም አየሁት። ያን ሁሉ ጊዜ አብሬያቸው ስሠራ ልብ ብዬው አላውቅም። ለስላሳ፣ ነጭ፣ አንዲት መስመር የሌለበት። «በረኪና ነው» አለች። «ለዋናው ቢሮ በደብዳቤ ማመልከት ይቻላል፣ ግን ይቆያል። ለሰኔ መጨረሻ አይደርስም። ይልቅ ሦስት ሳምንት እጅዎን ያሳርፉት። በረኪና አይንኩ፣ ሳሙና አያብዙ፣ ማታ ማታ ቫዝሊን ይቀቡ። መስመሩ ይመለሳል።» ቀጠሮውን ጻፈችልን። ከአቶ መኩሪያ ቀን ሁለት ቀን ብቻ ይቀድማል።

የጽዳት ፈቃድ ለማውጣት የማያጸዳ ሰው መሆን ያስፈልጋል ለካ! ይህን ስላቸው እትዬ ዘርፌ አልሳቁም።

ከዚያ በኋላ ባለው ሦስት ሳምንት አምስታችን የእሳቸውን ፎቅ ተከፋፈልን። እሳቸው ደረቅ መጥረጊያ ብቻ ይዘው፣ እጃቸው ላይ ፌስታል አስረው ይዞራሉ። ሥራ ሳይሠሩ መዋል እንዴት እንዳሰቃያቸው! የመስታወቱ በር ላይ አሻራ ባዩ ቁጥር እጃቸው ይዘረጋል፣ እኛ እንጮኻለን፣ ይመልሱታል። ጠዋት ጠዋት ደረጃው መስኮት ጋ ወስጄ አውራ ጣታቸውን ወደ ብርሃን አደርገዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም። በሁለተኛው ሳምንት ምንም። ሦስተኛው ሊያልቅ ሲል ግን፣ እምላለሁ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አየሁ። «መጣ!» ብዬ ጮህኩ። አምስታችንም ተራ በተራ አየነው። አንዷ ሳመችው።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ሳንሱሲ ታክሲ መያዣው ጋ ተገናኘን። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። ገና ስስማቸው አንድ ነገር አፍንጫዬን መታኝ። ይህን ሽታ እኔ ነኝ የማላውቀው?

«እትዬ፣ ምን ይሸታል?»

«ታጥቤ ነው።»

«በምን?»

እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ኩራት ብለው። ጥፍራቸው ሳይቀር ነጭ ሆኖ ያበራል። «ቫዝሊኑ አለቅ አለኝ እኮ» አሉ። «ትናንት ሽንኩርት ልጬ ደግሞ ጥግ ጥጉ ጠቁሮ ነበር። ትንሽ በረኪና ጠብ አድርጌ በሽቦ አሸት አሸት አደረግኩት። የሚያዩት ጣቴን ነው አይደል? መንግሥት ቢሮ በቆሻሻ ጣት ልግባ?»

ሃያ አንድ ቀን! አምስት ሴት ሃያ አንድ ቀን ጎብጣ የእሳቸውን ፎቅ ወልውላለች! ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። ሰልፉ ሁሉ ይሰማል፣ እኔ ግን ማንም አልታየኝም።

«አብደሻል እንዴ አንቺ ሴትዮ!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ምን ዓይነት ደንቆሮ ነሽ!»

አንቺ አልኳቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ዘበኛው ሲያዋርዳቸው ጸሐፊው ሲያመናጭቃቸው አንቱ ስላቸው የኖርኩት እኔ፣ በአደባባይ አንቺ አልኳቸው። እትዬ ዘርፌ አልተቆጡም። እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው መለሱና አዩት።

«ንጹሕ ነው እኮ፣ አልሚዬ» አሉ።

ሄድን፣ መሄዱማ ሄድን። ልጅቷ አሥሩንም ሞከረች፣ እፍ ብላ፣ አሽታ፣ ደጋግማ። ቀይ። ከቢሮው ስንወጣ ደረጃው ላይ እጄን ያዙኝ። መዳፌን ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት፣ አቧራ እንደሚፈልጉ ሁሉ።

«ያንቺ ጣት ደህና ነው» አሉኝ። «ባንቺ ስም አውጪው። ሁለት ቀን አለን። ስሙ ያንቺ ይሁን፣ ሩጫው የእኔ። እኔን ቅጠሪኝ።»

ጣቴ ደህና ነበር። መስመሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በማን ጓንት ደህና እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ፈራሁ። ግብር ይመጣብሻል፣ ቅጣት ይመጣብሻል፣ ፈቃድ ማውጣት ቀላል ነው መመለሱ ነው ጣጣው ሲሉ ሰምቻለሁ።

«ባለቤቴን ላማክር» አልኩ።

«እሺ፣ አማክሪው።»

አላማከርኩትም። እሳቸውም ደግመው አላነሱትም። ሐምሌ ሲገባ አዲሱ ድርጅት የራሱን ሠራተኞች ይዞ ገባ፣ እኛ ስድስታችን በየአቅጣጫው ተበተንን። እኔ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ቦታ አገኘሁ። ለእሳቸው ግን በዚያ ዕድሜ ማን ይቀጥራቸዋል? ያንን ክረምት በሙሉ በየሰው ቤት ልብስ ሲያጥቡ ከረሙ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በዝናብ። መስከረም ላይ ሳል ጀመራቸው። ጥቅምት ላይ አልጋ ያዙ። እኔ «ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ» ስል፣ እውነቱን ለመናገር ዓይናቸውን ማየት ስለፈራሁ፣ ታኅሣሥ ገባ።

እሑድ ዕለት ሄድኩ። ጥሩነሽ ናት የምታበላቸው፣ የምታጥብላቸው። ከሰውነታቸው የቀረ ነገር አልነበረም፣ አጥንታቸው ብርድ ልብሱን ወጥሮታል። እኔን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ።

«መጋረጃውን ግለጪው» አሉኝ፣ ገና ሳልቀመጥ። መስኮቷ ከአልጋቸው ራስጌ ናት። ገለጥኩት። በክርናቸው ተደግፈው እንደ ምንም ቀና አሉና መስታወቱ ላይ ሃህ ብለው ተነፈሱበት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በቀስታ አሳረፉበት፣ አነሱት።

«በይ አንብቢው።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ክብ በክብ፣ መስመር በመስመር፣ አንድም ሳይጎድል። ሁለት ወር ውኃ ያልነካ ጣት!

«ይነበባል?» አሉ።

«ይነበባል፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ነገ ውሰጂኝ። ስሙንም ማንም አይወስደውም፣ ልጁ ነግሮናል። አቶ መኩሪያ ባይሆን ሌላ ሕንፃ አይጠፋም። አብረውን የሠሩትን አራቱን ልጆች ደግሞ ትጠሪያቸዋለሽ።» ሳል አቋረጣቸው። እንደምንም ጨርሰው፣ «አንቺ ትቆጣጠሪያለሽ፣ እኔ ተቀምጬ ጥጉን አያለሁ» አሉ።

ያኔ ልነግራቸው ነበር። ስለዚያ የታክሲ ሰልፍ፣ አንቺ ስላልኳቸው፣ ስለ ጓንቱ፣ ባለቤቴን ስላላማከርኩት። ነገ በታክሲው ውስጥ እነግራቸዋለሁ ብዬ ዋጥኩት።

«ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አልኩ።

ልሄድ ስነሣ በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ሊጠርጉት እጃቸው ሄደ። ያዝኩት።

«ይተዉት።»

«ቆሻሻ ነው እኮ!»

«ይተዉት አልኩ፣ እትዬ! ይቆይ።»

ሳቁ፣ ተዉትም። ያቺ ናት የመጨረሻዋ ሳቅ።

ሰኞ ከፌርማታው ተነሥቼ ሳንሱሲ ስደርስ ድንኳን እየተተከለ ነበር። አልጋቸውን አውጥተውታል። ወለሉ ታጥቦ እርጥብ ነው፣ ክፍሏ ባዶ ሆና ሰፍታለች። ማንንም ሳላናግር በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። መስታወቱ ያበራል።

ጥሩነሽ ከኋላዬ ገባች፣ ዓይኗ አብጦ፣ እጅጌዋ እስከ ክንዷ ተሰብስቦ። «ለቀስተኛ ይገባል ብዬ ክፍሏን ብቻዬን አጸዳኋት» አለችኝ። «እሳቸው ዝርክርክ አይወዱም። መስታወቱ ላይማ የጣት አሻራ ነበረበት፤ ቢያዩት ያብዱ ነበር።»

«ደግ አደረግሽ» አልኳት። እሷ ስትወጣ «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፣ አንቱ ብዬ፣ ለባዶው ክፍል። ከዚያ እንደ እሳቸው መስታወቱ ላይ ሃህ ብዬ ተነፈስኩበት። ጭጋጉ ሸፈነው፣ ቆየ፣ ቀስ እያለ ለቀቀ። መሃሉን አየሁ፣ ጥጉን አየሁ። ጥሩነሽ ጥሩ አድርጋ ነው ያጸዳችው።